ሦስተኛው ልመና

መምህር ወንድይፍራው ሲሞት ለእኔ የደረሱኝ አሥራ አንድ ደብተሮች ናቸው። ልጅ አልነበረውም፤ ባለቤቱ አትጠገብ ቀድማው አርፋለች። የወንድሙ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ጭኖ ሲሄድ ደብተሮቹን የሚፈልጋቸው ሰው ጠፋና በማዳበሪያ ከረጢት ተደርገው ደጄ ላይ ተቀመጡ። ዲላ ላይ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው የሕይወት ሥራ አንድ ከረጢት እንኳ አልሞላም።

እያንዳንዱ ገጽ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዟል። ከቃሉ ሥር ሦስት ርእስ አለ፦ ትርጉም፣ ምንጭ፣ አገባብ። ትርጉሙን በአማርኛ ይጽፋል። ምንጩን ጀርባው በፕላስተር ከተጠገነ አንድ ግዙፍ መዝገበ ቃላት ይቀዳል። አገባቡን ግን ከራሱ ነው የሚያመጣው፤ ምሳሌዎቹም ከዲላና ከአካባቢዋ አይወጡም። “ዘገምተኛ” ለሚለው ቃል የሰጠው ምሳሌ “ከይርጋጨፌ የሚመጣው አውቶቡስ” የሚል ነው።

አገባቡ ለዓመታት ባዶ ሆኖ የቆየው አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ቃሉ “ሪለንት” ይባላል።

ስለዚህ ቃል መጀመሪያ ያወራኝ በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ የፈተና ወረቀት ክምር ፊቱ ተደርድሮ ነው። እኔ ታሪክ አስተምር ነበር።

“እጅ መስጠት ሌላ ነው፣ ተክሌ” አለኝ። “እጅ የሚሰጠው የተሸነፈ ነው። ይሄኛው ግን በትሩ በእጁ ያለ ሰው ቃል ነው። ሥሩ ላቲን ነው፤ የሚለመጥ፣ የሚታጠፍ ማለት። ጥንት ለሚቀልጥ ነገር ሁሉ ይሉት ነበር፤ ወደ ሰው ልብ የገባው በኋላ ነው። ዛሬ ለዝናብም ይሉታል፣ ጋብ ሲል።”

“የኛው ‘ራራ’ አይደለም እንዴ?”

“ይቀርበዋል። ግን ከመጀመሪያው የሚራራም ሰው አለ። ይሄን ቃል መጀመሪያ እምቢ ላላለ ሰው አታውለውም።”

“ታዲያ ምሳሌውን ጻፍና ዕረፋ።”

“ገና አላጋጠመኝም” አለና ቀይ ብዕሩን አንስቶ ወደ እርማቱ ተመለሰ።

እውነቱን ነው፣ አላጋጠመውም ነበር። ወንድይፍራው እምቢ ካለ እምቢ ነው። ይህን ስል ላማው አይደለም። አንድ ትልቅ ሹመት ያለው ሰው ልጁ ከፈተና ቀርቶ ዜሮ ሲያገኝ ትምህርት ቤቱ ድረስ በመኪና መጥቶ ነበር። ወንድይፍራው ቆሞ ተቀብሎት፣ ቆሞ ሸኘው። “ያልተፈተነ ዜሮ ነው” አለው፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት የደረጃ ዕድገት ተከልክሏል፤ ሲያማርር አልሰማሁትም። በአንድ ክፍል ሰባ አምስት ልጅ ይታጎር በነበረበት ዘመን፣ ዘመድ የሌለው ተማሪ የሚመካው በእሱ ድርቅና ነበር። ያ ድርቅና ዘመድ በሌላት ልጅ ላይ የዞረው በ1990 ዓ.ም. ነው።

መሰለች ትባላለች። በይርጋጨፌ በኩል፣ የኢዲዶ ገበሬ ልጅ ነች፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትማር ዲላ ላይ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ኢዲዶ ከፍታ ስለሆነ ቡናው ዘግይቶ ነው የሚቀላው። በዚያ ጥር እናቷ ካሳነሽ ተንሸራታ ወድቃ እግሯን ተሰበረች፤ ቡናው ደግሞ ዛፍ ላይ ሊደርቅ ነው። መሰለች ሦስት ቀን ብቻዋን ለቀመች። በፈተናው ዕለት ጎህ ሲቀድ አስፋልት ዳር ወጥታ ብትጠብቅ የሚመጣው መኪና ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። ዲላ ስትደርስ የእንግሊዝኛ ፈተና አልቆ ወንድይፍራው ወረቀት እየቆጠረ ነበር።

“ቲቸር” አለችው በሩ ላይ። ከዚያ በላይ መናገር አቅቷት ሁለት እጇን ዘርግታ አሳየችው። በእሸት ቡና ጭማቂ እስከ አንጓዋ ጠቁረው ነበር።

እጆቿን አያቸው። “ፈተናው አልቋል” አላት።

እንግሊዝኛ ዜሮ ያገኘ ዓመቱን ይደግማል። ለመሰለች ዓመት መድገም ማለት ትምህርት ማቆም ማለት ነው፤ እናቷ አልጋ ላይ ናት፣ ቤቱ ሌላ ዓመት የሚችል ቤት አልነበረም። ስለዚህ ካርድ ከመሰጠቱ በፊት፣ በየካቲት መጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለሽምግልና ሦስት ሆነን ወደ ወንድይፍራው ቤት ሄድን። ባልደረባውና በዕድሜም ታላቁ ስለሆንኩ መሪው እኔ ነበርኩ። ሁለተኛው ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጠው አሚን ነው፤ መሰለች የተከራየችው ከሱቁ ጀርባ ነው። ሦስተኛው ገበየሁ፣ የኢዲዶ የጌዴኦ ገበሬ፣ መሰለች በምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆነ ሰው።

“ግቡ እንጂ” አለን ወንድይፍራው ከደጁ። አትጠገብ ሦስት በርጩማ አምጥታ ከበረንዳው በታች ደረደረችልን።

“አንቀመጥም” አልኩ። “የመጣንበትን ሳትሰጠን አንቀመጥም።”

“የመጣችሁበትን አውቃለሁ። አይሆንም።”

አሚን በሳቅ ሊያለዝበው ሞከረ። “መምህር፣ እኔ ከእንግሊዝኛ ሸሽቼ ነው ሱቅ የከፈትኩት። ይቺን ልጅ ግን ሱቅ አላስጠጋትም። አንድ ቀን ባቆማት ለደንበኛው ሁሉ ስንዝር ስንዝር እየጨመረች ልታከስረኝ ነበር። ስለ አላህ ብለህ ትማርልኝ!”

የወንድይፍራው ከንፈር ሊንቀሳቀስ ሲል አየሁት። መልሶ ገጠመው።

ገበየሁ ባርኔጣውን አወለቀ። “መምህር፣ ልጅቷ ስትጫወት አልቀረችም። ቡናው ከደረቀ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው የለም። ማርክ ስጣት አላልንህም። ፈተናውን ስጣት። ከወደቀች ትውደቅ።”

“ገበየሁ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው” አለ ወንድይፍራው። “ግን ለእሷ በሩን ስከፍት ለሁሉም መክፈቴ ነው። ያ በመኪና የመጣው ሰውዬ ነገ ተመልሶ ሲመጣ ምን ልለው ነው? አይሆንም።”

ያን ጊዜ ዝናብ ጀመረ። ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ነበር። ገበየሁ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እንዳለው አውቃለሁ። ግን አልተነቃነቀም። በርጩማዎቹ በሰበሱ፣ እኛም በሰበስን። ወንድይፍራው አንድ እጁን መቃኑ ላይ አድርጎ ሌላ ሰው አላየም፣ እኔን ነበር የሚያየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። በዚያ ሳምንት አራት መቶ ወረቀት አርሜያለሁ፤ ጉልበቴ ይቆረጥማል፤ ብንሄድ ምን ይሆናል፣ አልኩ በሆዴ።

“እንሂድ” አልኩ።

“ገና ነን እኮ” አለ ገበየሁ። “በእኛ በኩል ሽማግሌ ሶንጎ ላይ ለዳኝነት ከተቀመጠ ነገሩ ሳያልቅ አይነሳም።”

“ተወው። እኔ አውቀዋለሁ።”

ከዚያ ወዲህ “አውቀዋለሁ” የሚለው ቃል አፌ ላይ ሲመጣ ይጎመዝዘኛል። ሃያ ዓመት አብረኸው የሠራኸውን ሰው አውቀዋለሁ ማለት ምን ማለት ነው? ከእንግዲህ አላየውም፣ ደክሞኛል፣ ማለት ነው።

መሰለች ሰኞ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ፍራሿን ጠቅልላ ወደ ኢዲዶ ወጣች። አትጠገብ ያን ቅዳሜ እነዚያን ሦስት በርጩማዎች ከዝናቡ አላስገባቻቸውም፤ እንደተደረደሩ አደሩ። በማግስቱ ያስገባቸው ወንድይፍራው ራሱ መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው።

ከዚያ አሥራ አራት ዓመት አለፈ። ሌላ የምለው ቢኖር በወደድኩ። አስተማርን፣ አረምን፣ ጡረታ ወጣን። የእኛ ተማሪዎች የነበሩት ልጆች ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት እዚያ አስተማሪ ሆነው መጡ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙን ከትከሻቸው ጎንበስ እያሉ ያልፋሉ። ከወንድይፍራው ጋር ስለ መሰለች አንድ ቀን አንስተን አናውቅም።

በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አትጠገብ ሞተች። ለቅሶው ሲበርድ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ጎረቤት ወደየቤቱ ሲመለስ፣ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ተነሥቶ አንዱን ደብተር አመጣ፤ “ሪለንት” ከሚለው ገጽ መካከል የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በእጅ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። ከላይ በኩል የመሰለች ስም ነበረበት።

“ተክሌ” አለኝ፣ “ያን ቀን ለምን ሄዳችሁ?”

“እምቢ ስላልከን ነዋ!”

“ሁለት ጊዜ ነው እምቢ ያልኳችሁ።”

ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ ደግሞ ባልገባኝ አልኩ።

“አባቴ ቤት ሽማግሌ ሲመጣ ሁለቴ ይመለሳል፣ በሦስተኛው ይፈቀድለታል። በመጀመሪያው እሺ ካልክ ነገሩንም ሽማግሌውንም አቀለልክ። አንተም የዚያው አገር ሰው ልጅ ነህ፤ ይሄ ይጠፋሃል? ፈተናውን በዋዜማው፣ አርብ ዕለት አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ሦስተኛውን ስጠብቅ ዞራችሁ ሄዳችሁ።”

“ታዲያ አትጠራንም ነበር?”

“አትጠገብም እንዲሁ አለችኝ። ‘ውጣና ጥራቸው፣ አፍ የለህም?’ አለችኝ።” ፊቱን በመዳፉ አሸ። “የሄደ ሽማግሌ እንዴት ተብሎ ይጠራል? ሰኞ ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ሰኞ እሷ የለችም።”

ብስጭቴ በእሱ ይሁን በራሴ አላውቅም። ስለ አባቶቻችን ወግ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት የማወራ ሰው ነበርኩ፤ ለአንዲት ልጅ ሲያስፈልግ ግን ዝናብ በለጠብኝ። እሱም ሰባት ቋንቋ ድረስ የቃል ሥር የሚቆፍር ሰው፣ ሦስት ሰው ለመጥራት ቃል አጣ።

“የት እንዳለች ታውቃለህ?” አልኩት።

“ጨለለቅቱ። ቡና ማጠቢያ ውስጥ ተቆጣጣሪ ናት ይላሉ።” ወረቀቱን አጠፈው። “ሽማግሌ ሁኑልኝ።”

አሚን ስኳር እግሩን ይዞት ከሱቁ አይወጣም ነበር። ስንነግረው “እኔን ወክላችሁ ቁሙልኝ” ብሎ አሾፈብን። ገበየሁን ከይርጋጨፌ ይዘን፣ ሌላ መኪና ቀይረን ጨለለቅቱ ወረድን። ማጠቢያው ከከተማው ራቅ ስለሚል በሞተር ወሰዱን፤ ወንድይፍራው ከኋላ ሆኖ ያን ደብተር ደረቱ ላይ እንደ ዳዊት መጽሐፍ አቅፎ ነበር።

የኅዳር ወር፣ ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ነው። መሰለች የፕላስቲክ ቦቲ ተጫምታ፣ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ የቡና መዘፍዘፊያው ገንዳ ጫፍ ላይ ቆማለች። ከሠላሳ ዓመት ያለፈች፣ ድምፅዋ የሚሰማላት ሴት ሆናለች። አየችን። ማን እንደሆንን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም።

“ቲቸር” አለች። ቀጥሎ ወደ ጆንያ ክምሩ እያሳየች “ተቀመጡ።”

“አንቀመጥም” አልኩ። “የበደለሽን ሰው ይዘን መጥተናል። እኛም በድለንሻል። ሳትሰሚን አንቀመጥም።”

ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው አፈጠጡ። መሰለች እጇን ገንዳው ውስጥ ነክራ ጭብጥ ቡና አወጣች፤ በመዳፎቿ መሃል አሸችው። የቡናው ልጋግ ለቅቆ እንደ ጠጠር ሲንኳኳ ይሰማል።

“አሁን አይሆንም። ቡናው ደርሷል፤ ትንሽ ካለፈ ይበላሻል” አለችና ጀርባዋን ሰጥታን ለሠራተኞቹ ውኃ ልቀቁ አለች።

ቆምን። ፀሐይ ነበር፤ ጥላ አልነበረም። አጣቢዎቹ እየዘፈኑ ቡናውን በእንጨት ሲገፉ፣ አንዱ ለሌላው “ቀረጥ ሰብሳቢዎች ናቸው?” ሲል፣ ሌላው “እነዚህ? ለማኝ ናቸው እንጂ!” ሲል ሰማን። ወንድይፍራው መሬት መሬቱን ያያል። በእኛ ወግ የበደለ ሰው ሽማግሌ እያለ አይናገርም።

ቡናው ታጥቦ ሲወጣ ገበየሁ ቀረብ አለ። “ልጄ፣ የአሥራ አራት ዓመት ነገር ነው። ልብሽን...”

“አባባ ገበየሁ፣ ለምን ትደክማላችሁ?” አለችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። “እኔ ረስቼዋለሁ። ሂዱ፣ መኪና ያመልጣችኋል።” እንደገና ሄደች።

እምቢታው ሁለት ሆነ። ጉልበቴ እንደዚያን ቀኑ መቆርጠም ጀምሯል፤ አሁን ደግሞ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ገበየሁ ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለ።

“መምህር፣ ይቺንስ ታውቃታለህ?”

እስከ ዛሬ ያን ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞት ኖሯል።

“አላውቃትም” አልኩ።

“እንግዲያው እንቁም።”

ቆምን። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል መሰለች ከማድረቂያ አልጋዎቹ መሃል ተመለሰች፤ አሁንም እዚያው ስታየን ቆም አለች። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ወንድይፍራው ወጉን ጥሶ ወደ ፊት ሄደ። የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋላት።

“መሰለች፣ ይሄ ያንቺ ፈተና ነው። ያኔ አዘጋጅቼልሽ ነበር። ልሰጥሽ እየቻልኩ አልሰጠሁሽም። ሌላ ሰበብ የለኝም።”

እጇን ቀሚሷ ላይ አድርቃ ተቀበለችው። ስሟን አየች። ቀኑን አየች። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

“ስንት ሰዓት ነው?”

“ምኑ?”

“የሚፈቀደው።”

“አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ” አለ ወንድይፍራው።

ወንበር አስመጣች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ “በሉ ተቀመጡ” አለችን። ጆንያው ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ያወጣውን ድምፅ ገበየሁ ሰምቶ ሳቀብኝ።

የገቢ ቡና መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ተፈተነች። ወንድይፍራው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ከጠረጴዛው እስከ ገንዳው ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። አንዱ አጣቢ “መሰለች፣ አስኮርጂኝ!” ብሎ ሲጮህ “ዝም በል፣ ፈተና ነው!” ብሎ ገሠጸው፤ ሰውየው ደንግጦ እውነት ዝም አለ። ሰዓቱ ሲሞላ ወንድይፍራው ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ።

“ብዕር አስቀምጪ።”

“አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፣ ቲቸር።”

“ብዕር አስቀምጪ።”

እኔና ገበየሁ ተያየን። ይሄ ሰው አብዷል፣ አልን በዓይናችን። እሷ ግን አስቀመጠች። ከደረት ኪሱ ቀይ ብዕር አወጣ፤ እዚያው ቆሞ አረመው። ሃምሳ ስምንት ከመቶ።

ወረቀቱን ተቀብላ ቀዩን ምልክት አንድ በአንድ መረመረች። “ይሄ ለምን ተሰረዘ?” ነገራት። “ይሄስ? ሐሳቡ እኮ ትክክል ነው፤ ግማሽ አይሰጡም?”

“አልሰጥም።”

ያን ጊዜ ሳቀች። ከመጣን የመጀመሪያዋ ነበር። “አይ ቲቸር፣ ምንም አልተለወጡም!” አለችና ስቃ ስትጨርስ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። “አልፌያለሁ?”

“አልፈሻል።”

ወረቀቱን በአራት አጥፋ ኪሷ ከተተች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ እሱም አልጠየቃት። ማታ የሚገባው እሸት ቡና እየደረሰ ስለነበር ወደ ሥራዋ ሄደች፤ የሸኘን ዘበኛው ነው።

ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ ስንመለስ በሚኒባሱ መብራት ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ከፍቶ ጻፈ። አሁን እጄ ላይ ያለው ገጽ ነው፤ ፊደሉ በመኪናው መንገጫገጭ ተወላግዷል። አገባብ ከሚለው ሥር “መሰለች፣ ሃምሳ ስምንት” ይላል፣ ሌላ የለም። በዓመቱ እሱም ሞተ።

ከጨለለቅቱ በተመለስን ማግስት አሚን ሱቅ ገብቼ ነበር። እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል።

“ቆማችሁልኝ?”

“ቆመናል።”

“ስንት ሰዓት?”

“ሦስት ሰዓት ይሆናል።”

አሚን ጨርቁን ማጠፉን ትቶ አሰበ። “ያን ጊዜ እኮ” አለ፣ “ሩብ ሰዓት አልሞላንም።”